ብረት ያለ እሳት፦ ከፍተኛ ግፊት ስላለው ውሃና ስለ ናይሮቢ

ናይሮቢ ውስጥ ከጊኮምባ ገበያ አጠገብ ወደ ካሙኩንጂ የሚጠጋ ሰው ሠራተኞቹን ከማየቱ በፊት ድምፃቸውን ይሰማል። መዶሻ ላሜራ ላይ ያርፋል፣ የዘይት በርሜል በመሮ ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ፣ ከአሉሚኒየም ላሜራ ደግሞ ኬንያውያን ሱፉሪያ የሚሉት ድስት ይወጣል። በ1980ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፕሬዚዳንት ሞይ ቦታውን ጎብኝተው ጥላ እስኪያሠሩለት ድረስ ሥራው ሁሉ ፀሐይ ላይ ነበር። መርካቶን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ምናለሽ ተራ የገባ ቢመስለው አይፈረድበትም። የተጣለ ብረት ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኝበት ሰፈር በሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ነው።

እዚያ ብረት በሁለት ነገር ይገራል፤ በጉልበትና በእሳት። መዶሻው፣ መሮውና መቀሱ በጉልበቱ በኩል ናቸው። ብየዳው፣ ግራይንደሩና የኦክሲጅን መቁረጫው በእሳቱ በኩል ይቆማሉ። እሳት ፈጣን አገልጋይ ቢሆንም ዋጋውን ያስከፍላል። በግራይንደር የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀጭን ከሆነም ይጣመማል። በእሳት የተቆረጠ ጠንካራ ብረት ጠርዙ ከመሐሉ ይልቅ ጠጥሮ፣ ለፑንታ አልበሳ የሚል ቆዳ ያወጣል። የማይዝገው ብረት (ስቴይንለስ) ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ፣ ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ከካርቦን ጋር እየተጣመረ ስለሚያልቅበት፣ ውሎ አድሮ ብየዳው አጠገብ ይዝጋል። ታይታኒየም ደግሞ በአየር ላይ ሲግል ኦክሲጅን ይጠጣና ፊቱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል።

እሳትን ትቶ ብረትን መሥራት ይቻላል? ይቻላል፤ መሣሪያውም ውሃ ነው። ይህ ንግግር የሚያስረዳው ውሃ ብረትን እንዴት እንደሚቆርጥና የብረትን ፊት እንዴት እንደሚያክም፣ ሥራውም በናይሮቢ የት ቦታ እንዳለውና የት እንደሌለው ነው።

ግፊት ያለው ውሃ ለናይሮቢ አዲስ አይደለም። በየመንገዱ ዳር ማታቱ የሚባሉትን የከተማ ሚኒባሶች የሚያጥቡ ወጣቶች፣ በአዲስ አበባ አጠራር የላቫጆ ሠራተኞች፣ ከ100 እስከ 150 ባር የሚደርስ ግፊት በእጃቸው ይዘው ይውላሉ። አንድ ባር ማለት አየር በባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያሳርፈው ጫና ጋር የተቀራረበ ነው። የላቫጆው ውሃ ጭቃ ያወርዳል፤ ያረጀ ቀለምም ካገኘ ይልጣል። ብረት የሚቆርጠው ማሽን ግን የሚሠራው በ4,000 ባር አካባቢ ነው፤ 6,000 ባር የሚደርሱም አሉ። 4,000 ባር ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የ4 ቶን ሸክም ማለት ነው። በዚህ ጫና ውስጥ ውሃ ራሱ ባሕርዩን ይለውጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ ውሃ አይጨመቅም ተብሎ ይነገራል፤ እዚህ ግን ከይዘቱ ከአስር እጅ አንድ በላይ ይጨመቃል።

ይህን ግፊት የሚያመጣው ፓምፕ አሠራሩ ቀላል ነው። በ200 ባር የሚገፋ የሃይድሮሊክ ዘይት አንድ ሰፊ ፒስተን ይነዳል። ሰፊው ፒስተን ከፊቱ ያለውን በስፋት 20 ጊዜ የሚያንስ ፒስተን ይገፋል። ኃይሉ ያው ሆኖ የሚያርፍበት ቦታ ሲጠብ ግፊቱ 20 እጥፍ ያድጋል። 200 በ20 ሲባዛ 4,000 ነው። ውሃው ከዚያ ወፍራም ግድግዳ ባለው የብረት ቱቦ ተጉዞ፣ ከሰንፔር ወይም ከአልማዝ በተሠራች የሚሊሜትር ሲሶ በምታህል ቀዳዳ ይወጣል። ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ800 ሜትር ይበልጣል። ይህ ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

ነገር ግን እንዲህ የሚሮጥ ውሃ እንኳ ለብቻው ወፍራም ብረት አይቆርጥም። ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። በ1950ዎቹ ኖርማን ፍራንዝ የተባለ የደን መሐንዲስ ግንድ በመጋዝ ሲሰነጠቅ ብዙ እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ መቅረቱ ከንክኖት በውሃ ለመቁረጥ ሞከረ። ከባድ ክብደት በውሃ ዓምድ ላይ እየጣለ ውሃውን በጠባብ ቀዳዳ አስወጣው። ለቅጽበት ብቻ የሚቆይ ጅረት ቢሆንም እንጨቱን ቆረጠ። የእንጨት ኢንዱስትሪው መሣሪያውን አልወሰደውም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወሰደው የካርቶን ፋብሪካ ነው። ዛሬም ንጹሕ ውሃ ብቻውን የሚቆርጠው ለስላሳውን ነገር ነው፦ ካርቶን፣ ስፖንጅ፣ ኬክ፣ የሕፃናት ዳይፐር። ዳይፐር በውሃ መቆረጡ ያስገርም ይሆናል፤ የሚቆርጠው ጅረት እጅግ ቀጭንና ፈጣን ከመሆኑ የተነሣ ግን ጨርቁ ለመርጠብ ጊዜ አያገኝም።

ብረቱ እጅ የሰጠው በ1979 ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው ፍሎው ኩባንያ ይሠራ የነበረው የግብጽ ተወላጅ መሐንዲስ ሞሐመድ ሐሺሽ ውሃው ላይ አሸዋ ጨመረበት። ከቀዳዳዋ የወጣው ጅረት በአንዲት ጠባብ ጓዳ ሲያልፍ ከኋላው ባዶ ቦታ ይፈጥራል፤ ያ ባዶነት በሌላ ቱቦ በኩል የጋርኔት አሸዋን ይስባል። አሸዋውና ውሃው ከተንግስተን ካርባይድ በተሠራ፣ 1 ሚሊሜትር በማይሞላ ቀጭን ቱቦ አብረው ተወርውረው ይወጣሉ። የሚቆርጠው አሸዋው ነው፤ የውሃው ድርሻ እንደ ጥይት ባሩድ መወርወር ብቻ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ከብረቱ ላይ በዓይን የማትታይ ፍርፋሪ ታነሣለች፣ ውሃው ወዲያው ያጥበዋል፣ ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል። ከአራት ዓመት በኋላ በ1983 የመጀመሪያው ማሽን የመኪና መስታወት ለመቁረጥ ተሸጠ። ዛሬ ያው ዘዴ 15 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለውን ብረት፣ ታይታኒየም፣ ግራናይትና መስታወት ይቆርጣል። የተቆረጠው ጠርዝ በእጅ ቢነካ ለብ ይል እንደሆነ እንጂ አያቃጥልም።

አሁን ጥያቄው ወደ ናይሮቢ ይመለሳል። ውሃ በፈረቃ የሚታደልባት ከተማ ብረት በውሃ ትቁረጥ ማለት ቀልድ አይመስልም? ናይሮቢ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው በሙራንጋ አውራጃ ካለው፣ በ1994 ከተጠናቀቀውና 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ከሚይዘው የንዳካይኒ ግድብ ነው። ዝናብ ሲዘገይ የከተማው ዓይን ሁሉ ወደዚያ ነው።

ስሌቱ ግን ከፍርሃቱ ሌላ መልስ ይሰጣል። አንድ የተለመደ መቁረጫ በደቂቃ ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ ይጠጣል። በሰዓት 200 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው፤ በናይሮቢ ሰፈሮች በጋሪ በሚዞረው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 10 ጀሪካን። አንድ የመኪና ማጠቢያ ከዚህ የሚበልጥ ያፈሳል። ውድ የሆነው የውሃው ብዛት ሳይሆን ንጽሕናው ነው። የናይሮቢ ጉድጓዶች የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ የተቆፈሩ በመሆናቸው ውሃቸው ፍሎራይድና ሌላ ማዕድን ይበዛበታል። እንዲህ ያለ ውሃ በ4,000 ባር ሲያልፍ የሟሟው ማዕድን በቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል፣ ጠርዙንም ያበላሻል። የጠርዙ ስብራት ከፀጉር ቢያንስ እንኳ ጅረቱ ይበተናል፣ የተበተነ ጅረት ደግሞ አይቆርጥም። የሰንፔር ቀዳዳ በጥሩ ውሃ ከ50 እስከ 100 ሰዓት ያገለግላል። የአልማዙ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ስለዚህ ማሽን ገዝቶ ማጣሪያ ያልገዛ ባለሙያ ገንዘቡን በየሳምንቱ በሰንፔር ይከፍላል።

ሁለተኛው ዕዳ አሸዋው ነው። መቁረጫው በደቂቃ ከ300 እስከ 500 ግራም ጋርኔት ስለሚበላ በሰዓት 20 ወይም 30 ኪሎ ይሄዳል። በአብዛኛው ወርክሾፕ ከመብራትም ከውሃም ይበልጥ የሥራውን ወጪ የሚሸከመው ይኸው ነው። ለዚህ የሚሆነው ጋርኔት በብዛት የሚመጣው ከአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ኬንያ ራሷ በጋርኔት የታወቀች አገር ናት፤ ነገር ግን ስሟን ያስጠራው ጋርኔት በታይታ ታቬታ ምድር የሚወጣው ጻቮራይት የተባለው አረንጓዴ ዕንቁ ነው። ስኮትላንዳዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ካምፕቤል ብሪጅስ በ1967 መጀመሪያ ታንዛኒያ ውስጥ አገኘው፤ ኋላም ኬንያ ውስጥ። እሱን ፈጭቶ ብረት የሚቆርጥበት ሰው አይኖርም። አገሪቱ ቀለበት ላይ የሚውለውን ጋርኔት ወደ ውጭ ትልካለች፣ የሥራውን ጋርኔት በመርከብ በሞምባሳ በኩል ታስገባለች።

ሦስተኛው መብራት ነው። ፓምፑ 30 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ በሦስት ፌዝ ይፈልጋል። መብራት መሐል ላይ ሲቋረጥ የተቆረጠው ዕቃ መበላሸቱ አንድ ነገር ነው። በዚያ ላይ ውሃው ወደ አሸዋው መስመር ተመልሶ እርጥብ ጋርኔት ቱቦውን ይደፍናል፤ ሠራተኛው ማሽኑን ፈትቶ ሲያጸዳ ይውላል።

ይህ ሁሉ ሲደመር የካሙኩንጂው ሱፉሪያ ሠሪ ይህ ማሽን አያስፈልገውም። ስስ ላሜራ በመቀስ ይቆረጣል፤ የመቀሱ ዋጋ ምንም ነው ማለት ይቻላል። መካከለኛ ውፍረት ያለውን ተራ ብረት ደግሞ ፕላዝማ በብዙ እጥፍ ፍጥነት ይቆርጠዋል። ውሃ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ስቴይንለስ በጥሩ ጠርዝ ሲቆርጥ በደቂቃ የሚጓዘው ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ከተቻኮለ ጅረቱ ከታች ወደ ኋላ ይጎበጥና ጠርዙ ላይ ጠማማ መስመር ይተዋል። ልምድ ያለው ሰው ያንን መስመር አይቶ ማሽኑ በምን ፍጥነት እንደተነዳ ይናገራል። የውሃ መቁረጫ በየጋራዡ መተከል አለበት ብሎ የሚሰብክ ሻጭ ካለ ስለ ደንበኛው ሳይሆን ስለ ኮሚሽኑ ማሰቡ ነው።

ቦታው ሌላ ነው። ናይሮቢ በባቡር ጣቢያው አካባቢ የኬንያ ምድር ባቡር ማዕከላዊ ወርክሾፕ አላት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ኑመሪካል ማሺኒንግ ኮምፕሌክስ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ይገኛል። የድርጅቱ ልደት ከአንድ ያልተሳካ ሕልም ጋር የተያያዘ ነው። በ1986 ፕሬዚዳንት ሞይ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲን ኬንያዊ መኪና እንዲሠራ ጠየቁ። ኒያዮ ፓዮኒር የተባሉት መኪኖች በ1990 ለሕዝብ ታዩ፤ ብዛት ያለው ምርት ግን በገንዘብ እጥረት ሳይጀመር ቀረ። በ1994 የመኪናው ድርጅት ስሙን ለውጦ በኮምፒውተር የሚመሩ ማሽኖች ያሉት የመለዋወጫ አምራች ሆነ። መኪናው ቀርቶ የተረፈው ይህ ችሎታ ከመኪናው ይበልጥ ዋጋ አለው ማለት ይቻላል። አንድ የማርሽ ጥርስ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካበት፣ ዕቃው አንድ ብቻ የሚሠራበት፣ ውድ ብረት ተበላሸ ተብሎ የማይጣልበት ቤት፤ የውሃ ማሽን ወጪውን የሚመልሰው እንዲህ ባለ ቤት ነው።

እስካሁን የተወራው ስለ መቁረጥ ነው፤ መቁረጥ ለዓይን ይማርካል፣ በኤግዚቢሽንም ሰው የሚሰበሰበው እሱን ለማየት ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ የሚበልጠው ጥቅም ግን ያን ያህል የማያስደንቀው ሥራ ነው፦ የብረትን ፊት ማጽዳትና ማከም።

ቀለም የሚላጠው ብዙውን ጊዜ ቀለሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ብረት በደንብ ስላልጸዳ ነው። በሞምባሳ ወደብ የቆመች ጀልባ፣ በሊኮኒ የምትመላለስ ፌሪ፣ በባሕር ዳር ያለ የነዳጅ ታንከር፤ ሁሉም ዝገታቸው ውስጥ ጨው ይይዛሉ። ዝገቱን በደረቅ አሸዋ በአየር ግፊት መምታት የቆየው ዘዴ ነው። አሸዋው ዝገቱን ያነሣል፤ ጨውን ግን ከትንንሾቹ ጉድጓዶች ፈጽሞ አያወጣውም፤ አንዳንዱን እንዲያውም ወደ ውስጥ ይቀጠቅጠዋል። በላዩ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ጨው ከሥር እርጥበት ይስባል፣ ቀለሙም በወራት ውስጥ ያብጣል። ውሃ ግን ጨውን አሟሙቶ ይወስደዋል። በዚህ ረገድ አሸዋ ከውሃ ጋር አይወዳደርም።

በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩት ሰዎች የራሳቸው ደረጃ አላቸው። የአሜሪካ የቀለምና የዝገት ባለሙያዎች ማኅበራት ባወጡት መመሪያ ከ700 እስከ 2,100 ባር ያለው ከፍተኛ ግፊት፣ ከ2,100 በላይ ያለው ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ግፊት ይባላል። ጽዳቱም በአራት ደረጃ ይመዘናል፤ የመጀመሪያው ብረቱ ላይ ምንም የማይታይበት ነው። በ2,500 ባር የሚሽከረከር ጭንቅላት አሮጌ ቀለምንም ዝገትንም አንሥቶ ከሥሩ የነበረውን ፊት ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ፤ ውሃ ብቻውን ብረትን አያሻክርም። ቀለም የሚይዝበት ሻካራ ፊት ድሮ በአሸዋ ተሠርቶ ከነበረ ውሃው ያንኑ መልሶ ያወጣዋል፤ ካልነበረ ግን ከውሃው ጋር ጋርኔት መጨመር ግድ ነው። ሌላም አለ፤ የታጠበ እርቃን ብረት ወዲያው ቡናማ ስስ ዝገት ይለብሳል። በሞምባሳ እርጥብ አየር ይህ በደቂቃዎች ይታያል፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በናይሮቢ ደረቅ ወራት ፋታ ይሰጣል። ዛሬ ያን ስስ ዝገት ችለው የሚይዙ ቀለሞች አሉ፤ ቀቢው ግን ምን ያህሉን እንደሚችሉ ከቆርቆሮው ላይ አንብቦ መጀመር አለበት።

የደረቅ አሸዋ ጠንቅ የብረቱ ብቻ አይደለም። ተራ አሸዋ ሲሰባበር የሚነሣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና ሲሊኮሲስ የተባለውን፣ መድኃኒት የሌለውን በሽታ ያመጣል። ብሪታንያ በዚህ ምክንያት በ1949 ለማጽጃነት አሸዋ መርጨትን ከለከለች። ቱርክ በ2009 የከለከለችው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ያውም ጂንስ ሱሪ ያረጀ ለማስመሰል አሸዋ ሲረጩ የኖሩ ወጣቶች መሞት ከጀመሩ በኋላ። በናይሮቢ ወይም በአዲስ አበባ በር የሚያጸዳ፣ ሪም የሚያሳምር ልጅ አፉን በሻሽ አስሮ ተራ አሸዋ ሲረጭ የሚያይ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። ሻሽ ያን ብናኝ አይከለክልም። ውሃ ግን ብናኙን ገና ሲነሣ ይይዘዋል።

ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ ሲወርዱ ኦልካሪያ አለ። ከ1981 ጀምሮ ከመሬት ሆድ በሚወጣ እንፋሎት መብራት የሚመረትበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ከኬንያ የመብራት ምንጮች ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም የመሬት እንፋሎቱ ነው። የመሬት እንፋሎት ግን ንጹሕ አይደለም። የሟሟ ሲሊካ ይዞ ይመጣና ሲቀዘቅዝ በቧንቧና በተርባይን ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። እንዲህ ያለውን ቅርፊት በመዶሻ መምታት ብረቱን ይጎዳል፤ በአሲድ ማጠብ ብረቱን ይበላል። በዓለም ላይ ባሉ የእንፋሎት ጣቢያዎች ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ቧንቧውን ከውስጥ በከፍተኛ ግፊት ውሃ መምታት ነው። ቅርፊቱ ተሰባሪ ስለሆነ ይረግፋል፤ ብረቱ ሊለጠጥ የሚችል ስለሆነ ይተርፋል። ግፊቱ የሚመረጠውም በዚህ ልዩነት መሐል ነው።

ከዚህ የረቀቀው ሥራ የአውሮፕላኑ ነው። በነሐሴ 2012 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረከበ፤ የኬንያው በ2014 ተከተለ። የዚህ አውሮፕላን ግማሽ ያህል ክብደት በካርቦን ክር የተሠራ ንብርብር፣ 15 በመቶው ደግሞ ታይታኒየም ነው። ንብርብሩ በመጋዝ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል፤ በእሳት ሲነካ ማጣበቂያው ይቃጠላል። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ክንፍ ጠርዝ የሚስተካከለው በጋርኔትና በውሃ ነው። ሞተሩም ውሃን ይፈልጋል። የተርባይን ክፍሎች ሙቀት የሚከላከል ሽፋን ይለብሳሉ፤ ሽፋኑ ሲያረጅ ተነሥቶ እንደገና ይለበሳል። በአሲድ ማንሣት ለሰዓታት መንከርን፣ ከዚያም መርዛማ ፈሳሽ ማስወገድን ይጠይቃል። በ3,000 ባርና ከዚያ በላይ የሚሄድ ውሃ ሽፋኑን ብቻ ልጦ ከሥር ያለውን ውድ ብረት ይተወዋል።

በዚህ መስመር ላይ የመጨረሻው ደረጃ ውሃው ምንም ሳያነሣ የሚያጠነክርበት ነው። ብረት ሲደክም ስንጥቁ የሚጀምረው ከፊቱ ነው፤ ፊቱ ወደ ጎን ሲሳብ ስንጥቁ ይከፈታል። ፊቱን አስቀድሞ ጨምቆ ማስቀመጥ ቢቻል ስንጥቅ ለመከፈት ያንን ጭምቅ መጀመሪያ ማሸነፍ ይኖርበታል። ጃፓናውያን በኑክሌር ማመንጫዎቻቸው ውስጥ የብየዳ ቦታዎችን ውሃ ውስጥ እንዳሉ በውሃ ጅረት በመምታት ይህን ያደርጋሉ። ሥራውን የሚሠሩት በጅረቱ ዙሪያ የሚፈጠሩት ትንንሽ አረፋዎች ናቸው። አረፋው ወደ ውስጥ ሲፈርስ በአንዲት ነጥብ ላይ ከፍተኛ ግፊት ያሳርፋል። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ በ1917 የዚህን ስሌት የሠራው የመርከብ መቅዘፊያዎች ለምን እንደሚበሱ ለማስረዳት ነበር። በታና ወንዝ ላይ እንዳሉት የኬንያ ግድቦች ባሉ ጣቢያዎች መሐንዲሶች የሚፈሩትም ይህንኑ የተርባይን ጠላት ነው። በጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው ሂቶሺ ሶያማ ለዓመታት ያጠናው ያው ጠላት በልክ ሲመታ ብረትን እንዴት እንደሚጠቅም ነው።

እሳት አለመኖሩ ከብረቱ ጤና አልፎ የሰው ሕይወት የሚሆንበት ቦታም አለ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2011 በናይሮቢ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ አጠገብ በሲናይ መንደር ከነዳጅ መስመር የፈሰሰ ቤንዚን ተቀጣጥሎ 100 የሚያህሉ ሰዎች ሞቱ። አደጋው ከብረት ቆረጣ ጋር አይገናኝም። ነገር ግን ያ አካባቢ ምን ዓይነት አካባቢ እንደሆነ ያሳያል፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ ቧንቧ፣ ወርክሾፕና መኖሪያ ቤት ተጎራብተው የሚያድሩበት ነው። አሮጌ የነዳጅ ቧንቧ ወይም ታንከር መቁረጥ ሲያስፈልግ፣ ትነቱ ያልወጣ ታንከር ላይ ግራይንደር ማስነሣት ምን እንደሚያመጣ ማንም ያውቃል። በነዳጅ ኢንዱስትሪ ለዚህ ቀዝቃዛ ቆረጣ የሚባለው ሥራ አለ፤ ማሽኑ ቧንቧው ላይ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሠራተኛው ርቆ ይቆማል፣ ጋርኔቱ ብረቱን በውሃ እንደተሸፈነ ይቆርጠዋል። ይህም ቢሆን ጋዙን ሳይለኩ፣ መሣሪያውን ከመሬት ጋር ሳያያይዙና የሥራ ፈቃድ ሳይጽፉ አይጀመርም።

የእሳቱ አደጋ ሲቀር የውሃው አደጋ የሚዞረው ወደ ሠራተኛው ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለጎርፍ ቢሆንም እዚህም ይሠራል። ጅረቱ እጅን ሲነካ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቁስል ነው፤ ደም እንኳ ላይኖራት ይችላል። ከቆዳው ሥር ግን ውሃው፣ አሸዋውና ቀለሙ በጅማትና በሥጋ መሐል ተሰራጭቷል። የሚያየው ሐኪም ነገሩን ካላወቀ ፕላስተር ለጥፎ ይሸኘዋል፤ በሰዓታት ውስጥ እጁ ያብጣል፣ ሳይቀደድ ከዘገየም እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። በዚህ ምክንያት በሠለጠኑ ድርጅቶች የሚሠራ ሰው፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ እንደሚችል ለሐኪሙ የሚናገር ካርድ ኪሱ ውስጥ ይይዛል። የኬንያ የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ ከ2007 ጀምሮ አሠሪው ሠራተኛውን እንዲያሠለጥንና እንዲጠብቅ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ካርድ በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በሶማሊኛ ማሳተም ደግሞ ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ምንም ወጪ አይደለም። ድምፁም እንዲሁ መታሰብ አለበት። በአየር ላይ የሚሮጥ ጅረት ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮሃል፤ ዕቃው በውሃ ተሸፍኖ ሲቆረጥ ግን ጎን ለጎን መነጋገር ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ዝቃጩ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራ መቁረጫ ከ160 እስከ 240 ኪሎ ያገለገለ ጋርኔት ከብረት ፍርፋሪ ጋር ገንዳው ውስጥ ያስቀምጣል። ይህ ለሰው ብዙም አይከፋም፤ ተጣርቶ ደርቆ ከፊሉ እንደገና ይሠራበታል፣ የቀረውም ለግንባታ ሊውል ይችላል። የሚከፋው አሮጌ ቀለም ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ነው፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ይኖርበታልና። ደረቅ አሸዋ ያን እርሳስ ወደ አየር ይበትነዋል፤ ውሃ ወደ መሬት ያወርደዋል፣ በኢንዱስትሪያል ኤሪያ ደግሞ መሬቱ የሚያፈሰው ወደ ንጎንግ ወንዝ ነው። ወንዙ ከናይሮቢ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከታች በኩል በዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ። በመርከብ ጥገና ላይ የሚሠሩ፣ ግድግዳ ላይ በመምጠጥ ተጣብቀው የሚሄዱ ማሽኖች ውሃውን የሚረጩበትን ቦታ በሽፋን ዘግተው ዝቃጩን እዚያው በቱቦ ይስቡታል። ውሃው ተጣርቶ ይለካል፣ ቀለሙ በከረጢት ይታሰራል። የናይሮቢ ነጋዴ የጽዳት ሥራ ሲያስጠይቅ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የታጠበው ውሃ የት እንደሚሄድ ጭምር በውሉ ላይ ማስጻፍ ይችላል፤ ያን ማሽን ያላመጣ ተጫራች የሚሰጠው ዝቅተኛ ዋጋም የመጣው ከዚያች ካልተጻፈች መስመር ነው።